የጤና ዘጋቢ ጥያቄ ምላሽ እንጂ እስር አይገባውም!

በጅቡቲ ከተማ እንደ ካርቲየ 3 ባሉ ነባር ሠፈሮች ውኃ በበርሜልና በታንከር አጠራቅሞ መጠቀም የኑሮ ግድ ነው። ክዳኑ በወጉ ያልገጠመ በርሜል ግን ከእስያ ለተሻገረችው አኖፈለስ ስቴፈንሳይ ለተባለች የወባ ትንኝ ምቹ መፈልፈያ ይሆናል፤ ይህች ትንኝ እንደ ገጠሩ ወባ አስተላላፊ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ መሀል የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር። ትንኟ በዚያው ዓመት ታየች፤ በ2020 ቁጥሩ 73,535 ደረሰ። በ2022 ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝም ከዚህችው ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

በእነዚያ ስምንት ዓመታት የካርቲየ 3 እናት የበርሜሏን ክዳን እንድታጠብቅ የሚያነቃ፣ ሹማምንቱም የርጭቱንና የአጎበሩን ገንዘብ የት እንዳደረሱት እንዲያስረዱ የሚወተውት ዘጋቢ እጅግ ያስፈልግ ነበር። ይሁንና የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ላ ናሲዮን የተባለውም ጋዜጣ የመንግሥት ናቸው። ከመንግሥት ውጭ የሆነው ላ ቯ ደ ጂቡቲ ሬዲዮ የሚያሰራጨው ከአውሮፓ ሲሆን፣ አገር ቤት ያሉ ዘጋቢዎቹ በተደጋጋሚ ታስረዋል፤ ሞሐመድ ኢብራሂም ዋይስ በሰኔ 2020 የተያዘው የተቃውሞ ሰልፍ በሚዘግብበት ወቅት ነበር። በግንቦት 2024 ይህችኑ የወባ ትንኝ ለመቀነስ ዘረ መላቸው የተለወጠ ትንኞች በጅቡቲ ከተማ አምቡሊ ሠፈር ሲለቀቁም፣ እርምጃው ተስፋ የሚጣልበት ቢሆንም፣ ነዋሪውን ወክሎ ያለ ፍርሃት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ በቦታው መኖር ነበረበት።

በኢትዮጵያም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ የአገር መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት፣ ጉዳዩን የዘገቡት የሸገር ኤፍ ኤም ጋዜጠኞች ትዕግስት ዘሪሁንና ምንታምር ፀጋው በነሐሴ ወር መጨረሻ ታስረዋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሚዲያ ሥራ ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ሕግ አውጪው ይህን ድንጋጌ ያኖረው መጀመሪያ አስሮ ኋላ ማስረጃ የመፈለግን የቆየ ልማድ ለማስቀረት ነውና፣ ሕግ አስከባሪው ድንጋጌውን ከማንም በፊት ሊያከብረው ይገባል።

ጤና ከፖለቲካ ይራቅ የሚሉ ወገኖች አሉ። ነገር ግን የሐኪም ደመወዝ፣ የመድኃኒት ግዥ፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ለሕዝብ የሚነገርበት ጊዜ፣ ሁሉም የመንግሥት ውሳኔዎች ናቸው፤ ውሳኔ ባለበት ሁሉ ደግሞ ተጠያቂነት አለ። ይህን የሚከታተል ጋዜጠኛ በአንድ ቀን መግለጫ አይፈጠርም። የሚኒስቴሩን በጀት ከዓመት ዓመት እያነጻጸረ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ዘልቆ የመድኃኒት መደርደሪያውን በዓይኑ እያየ፣ ለተሻረው ሹም ተተኪ የቀዳሚውን ቃል እያስታወሰ ዕድሜውን ሲሰጥ ነው ሙያው የሚጎለብተው። ሚኒስትር ይለወጣል፣ ለጋሽም ፊቱን ያዞራል፤ ያኔ ነገሩን ከሥሩ የሚያውቀው ይህ ዘጋቢ ነው። እሱ ፈርቶ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ እንደሆነ፣ ያካበተው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል፣ በቦታው የሚተካውም አዲስ ሰው ከሀ ይጀምራል።

ዘጋቢም ይሳሳታል። ስሕተቱ በማስተባበያ ይታረማል፣ ጉዳት ካደረሰም በሕግ አግባብ ይጠየቃል። ጥያቄ በማንሳቱ ብቻ ማሰር ግን ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም፤ ይህ የጋዜጣችን የጸና አቋም ነው።

ስለሆነም የሁለቱ አገሮች ጤና ሚኒስቴሮች የወባንና የሌሎች ወረርሽኞችን መረጃ ጠያቂ ሳይጠብቁ በየሳምንቱ ለሕዝብ ይግለጹ፤ የጸጥታ አካላት ከዜና ክፍሎች እጃቸውን ያንሱ፤ የመገናኛ ብዙኃን ባለቤቶችም፣ ይህን ጋዜጣ ጨምሮ፣ ለጤና ዘገባ ቋሚ ባለሙያና በቂ በጀት ይመድቡ።