የወታደር ጎማ በአሮጌ ላንድሮቨር

«መምህር፣ ና ይህን አንብብልኝ» አሉኝ አንድ አዛውንት ተማሪ። ገበያ የሚያደርሰን አሮጌ ላንድሮቨር ከጦር ሠራዊት የተረፈ ትልቅ ጎማ ሊገጠምለት ነው።

«እርስዎ ያንብቡት እንጂ» አልኳቸው። አነበቡት። የድሮው ጎማ 7.50-16 ይላል። የወታደሩ 9.00-16 ይላል። ፊተኛው ቁጥር የጎማው ወርድ ነው፤ 16 የቸርኬው ልክ ነው። 16ቱ እኩል ቢሆንም የድሮው ቸርኬ ለ9.00 ይጠበዋል። ሰፋ ያለ ቸርኬ ይፈልጋል።

በትልቁ ጎማ መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለጭቃና ለድንጋይ ደግ ነው። ነገር ግን ጎማው አንዴ ሲዞር 2.50 ሜትር ገደማ ይሄድ የነበረው አሁን 2.80 ይሄዳል። ቆጣሪው ይህን አያውቅም። 60 ሲል መኪናው 67 ያህል ይሮጣል! ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ ትልቅ ጎማ ለመያዝ ይደክማል። ቁልቁለታችንን ታውቁታላችሁ። ከኋላ እህልም ሰውም ይጫናል።

መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካም ማየት ነው።

አዛውንቱ ጎማውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ጥርሱ አዲስ ነው፤ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል።

«ለባለመኪናው ማን ይንገረው?» አሉ።

ማታ አብረን ሄድን።