«ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ የአክስቴ ልጅ አለ፤ አራተኛ ክፍል ነው። ኳስ ላይ አንደኛ፣ ጨዋታ ላይ አንደኛ፣ ሱቅ ተልኮ መልስ ሲቆጥር አምሳ ሳንቲም አያጎድልም። ካርድ የመጣ ቀን ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ከ60 ተማሪ 58ኛ!

ሰሞኑን አክስቴ «እስቲ አንቺ የተማርሽው አስጠኚልኝ» አለችኝ። ልጁ የአማርኛ መጽሐፉን ገለጠና ምንባቡን ጥርት አድርጎ «አነበበልኝ»። ገርሞኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ የገለጠው ሌላ ገጽ ነው! ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል እንጂ አንድም መስመር አላነበበም። አዲስ ምንባብ ስሰጠው «ሆዴን አመመኝ» አለኝ።

እናንተዬ፣ አንድ ገጽ ሙሉ በጆሮው ብቻ የሚይዝ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል?

ልጁ ምን እንደሆነ የሚለየው ባለሙያ ነው፤ እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። የማውቀው ግን የመማር እክል የሚባል ነገር እንዳለ ነው። ማንበብ ላይ ሲሆን ዲስሌክሲያ ይሉታል። ከጭንቅላት ማነስ ጋር አይገናኝም። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አለባቸው ይላል። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከ3 እስከ 6 ልጅ ማለት ነው።

ምልክቱን ከፈረንጅ ጽሑፍ ብትፈልጉ «ቢ»ን ከ«ዲ» ያምታታል ይላችኋል። እኛ ጋ ያለው ግን 33 ፊደል በ7 ቤት፣ 231 ቅርጽ ነው። ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ጭረቷ የምትጠፋበት፣ መስመር የሚዘል፣ በአፉ አሳምሮ መልሶ ወረቀት ላይ ባዶ የሚተው፣ የማንበብ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚያስፈቅድ ልጅ ካለ መምህሩ ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። በእርግጥ መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር።

ፖሊሲ የለም እንዳትሉኝ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ ልዩ ፍላጎት ያነሳል፤ በ1998 ዓ.ም ደግሞ ራሱን የቻለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቷል። ችግሩ «ልዩ ፍላጎት» ሲባል ዓይናችን የሚፈልገው ነጭ በትርና የምልክት ቋንቋ መሆኑ ነው። የመማር እክል በትር አይዝም። በዚያ ላይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይወድቅም በሚለው የቆየ አሠራር ስንቱ ፊደል ሳይለይ 4ኛ ክፍል ደርሷል!

ዓይነ ስውር ተማሪ ሲፈተን አንባቢ ይመደብለታል። «ኩረጃ ነው» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ መብቱ ነዋ! ታዲያ ዓይኑ እያየ ፊደሉ አልጨበጥ ላለው ልጅ ጥያቄውን ብናነብለት ምን እናጣለን?

መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። 60 ልጅ ይዞ ማን ማንን ይለያል? ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። በድንገት አስነስቶ ጓደኞቹ ፊት አለማስነበብ። ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ። አንዳንዱን ፈተና በቃል መጠየቅ። አሥር ደቂቃ መጨመር። ፊደሉን ከነድምፁ፣ ሳይቸኩሉ፣ ደጋግሞ ማስተማር። «ደደብ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከክፍልም ከቤትም ማስወጣት። እሷን የምንጠቀመው እኛ ዘመዶቹም ነንና።

ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት ባለጉዳዩን ጠይቁ የሚል ነበር። እኛ ግን ስለ ልጁ መምህሩን ጠየቅን፣ ካርዱን ጠየቅን፤ እሱን ራሱን አልጠየቅነውም።

ባለፈው ቅዳሜ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄዎቹን እኔ እያነበብኩ በቃል ጠየቅኩት። ከ10 ጥያቄ 8 መለሰ። ደብተሩን ከመክደኑ በፊት ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸርም እንደዚህ ቢጠይቀኝስ?»