ቦርዴ በጠርሙስ አይታሸግ

በሲቀላም ሆነ በሴቻ በተከራየንበት ቤት ጠላና ቦርዴ ጠምቀን በባዶ የቢራ ጠርሙስ ማሸግ ከሚያምረን ተማሪዎች ጋር ጥቂት መነጋገር ፈልገናል። ጠመቃውን አንነቅፍም፤ እንዲያውም የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ ከእናቶቻችን እጅ ሥራ ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ ያሳዝነናል። የምንነቅፈው ጠርሙሱን ነው።

«የፋብሪካ ቢራስ በጠርሙስ ይታሸግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይታሸጋል። ነገር ግን እርሾው ተጣርቶ የወጣለት፣ ጋዙ ተለክቶ የገባበት፣ ብዙውን ጊዜም በሙቀት የታከመ ስለሆነ ቆርኪው ከተመታ በኋላ የሚብላላ ነገር የለውም። የኛ መጠጥ ግን ሕይወት አለው። እርሾው ስኳር እስካገኘ ድረስ ጋዝ ያወጣል፤ መውጫ ያጣ ጋዝም ጠርሙሱን ይሰብራል። ሦስትና አራት ሆነን በምናድርበት ክፍል ጠርሙሱ የሚቀመጠው አልጋ ሥር ነው፤ ስባሪው ያሸገውንና ያላሸገውን ዓይን አይለይም።

ቦርዴን እንመልከት። ብቅሉ ሳይበስል ስለሚገባበት እህሉን ወደ ስኳር መለወጡን ይቀጥላል፤ ሰውም የሚወደው ገና እየፈላ ሳለ ነው፤ ውሎ ካደረ ይኮመጥጣል። እንግዲህ ስኳሩ በየሰዓቱ በሚፈጠር መጠጥ ላይ ምን ሒሳብ ይሠራል? ከጨንቻ ብርድ ተሞልቶ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ የሚወርደውማ የባሰ ነው፤ ሙቀቱ እርሾውን ይቀሰቅሰዋል፣ ጋዙንም ከፈሳሹ ያስወጣዋል። ስለዚህ ቦርዴ ክዳኑ ላላ ብሎ ይጓዝ፤ በዕለቱም ይጠጣ።

ጠላ ለብቻው ነው። በጌሾ ተጠንስሶ፣ ፍላቱን ጨርሶ፣ ተጠልሎ ከጠራ በልክ ጋዝ ሊይዝ ይችላል። መጨረሱን ለማወቅ ሃይድሮሜትር ያለው በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ይለካ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ አልቋል። (ከቤተ ሙከራ ኬሚካል የነካውን ማንም እንዳያመጣ!) መለኪያ የሌለው ከጠላው ጥቂት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ አጥብቆ ከድኖ ሙቅ ቦታ ሁለት ቀን ያቆየው። ጠርሙሱ ከጠጠረ ጠላው ገና ነው፤ ጋዙ ይውጣለትና ይጠበቅ።

ካለቀ በኋላ ለ1 ሊትር 6 ግራም ስኳር ይበቃል፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም መሆኑ ነው። በፈላ ውሃ አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ ከጠቅላላው ጋር ማዋሃድ እንጂ በየጠርሙሱ በማንኪያ መገመት አይገባም። «ትንሽ ይጨመርበት፣ አረፋው ይብዛ» የሚለውን ወዳጅ አትስሙት። 4 ግራም ስኳር ብቻ በ1 ሊትር ውስጥ 1 ሊትር የሚያህል ጋዝ ይፈጥራል።

ዕቃው የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ይሁን፤ ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነውና። ተራው ሃይላንድ ስስ ስለሆነ አይሆንም። ንጹሕ መሆኑን አይታችሁ፣ ከአፉ 3 ጣት ያህል አጉድላችሁ ሙሉት። በአርባ ምንጭ ሙቀት በየዕለቱ በእጅ እየጨበጡ መሞከር ነው፤ እንዳልተከፈተ ለስላሳ ሲጠጥር ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣ ከሌለ በዚያው ቀን ይጠጣ፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረም ክዳኑን ቀስ ብሎ አላልቶ ማስተንፈስ ነው። ብርጭቆ ይህን ምልክት አይሰጥም፤ ሊሰበር አንድ ደቂቃ ሲቀረውም በእጅ ሲነኩት ያው ነው።

ባዶዎቹን የቢራ ጠርሙሶች ለባለሱቁ መልሱለት፤ መያዣችሁን ይሰጣችኋል።