መግል ያልያዘው ቁስል

እኛ ዘንድ ፈንገስ ማለት ቋቁቻና ጭርት ነው። ቅባት ይገዛለታል፣ ነጭ ሽንኩርት አሹበት የሚልም አይጠፋም። ፈንገስ ሰው ይገድላል ቢሉኝ እኔም ባልሰማሁ ነበር።

የሰፈራችን ልጅ አኪዩት ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ይዞት ኬሞ ጀምሮ ነበር። ልጠይቀው በሄድኩ ቀን ባቱ ላይ መሐሏ የጠቆረ፣ ሽምብራ የምታህል ቁስል ወጥታበታለች። እናቱ "ተመስገን፣ መግል እንኳ አልያዘችም" አሉ። ተረኛው ሐኪም ቁስሏን እያየ "እማማ፣ መግል የሚሠራ የለውማ" አላቸው።

እናትየው የተሳሳቱት ሁላችንም በምንሳሳትበት ነው። ቁስል ካላመረቀዘ ደህና ነው እየተባልን አደግን። መግል ግን በአብዛኛው ከጀርም ጋር ሲታገሉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ክምችት ነው፤ ኒውትሮፊል ይባላሉ። ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 ሲወርድ አደጋው ይከፋል፤ ኬሞ ደግሞ አንዳንዴ ለሳምንታት ዜሮ አጠገብ ያቆያቸዋል። ተዋጊ በሌለበት ሬሳ ከየት ይመጣል?

ከቁስሏ ቆንጥረው ናሙና ወሰዱ። ግማሹ ለማይክሮስኮፕ፣ ግማሹ ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ለማየት፣ ለካልቸር። ፉሳሪየም ሆነ። ይህ ፈንገስ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ስንዴና በቆሎ የሚያበላሽ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍር ወይም ዓይን ያበላሻል። መከላከያ ያጣ ሰው ላይ ግን ደም ሥር ሰብሮ ይገባል፣ ይደፍነዋል፤ ደም ያጣው ቆዳ ይሞትና ይጠቁራል። ጥቁረቷ ከዚያ ነው። የልጁ የቀኝ እግር አውራ ጣት ጥፍር ከዓመታት በፊት ጀምሮ የተበላሸ ነበር፤ ሐኪሙ መግቢያው ያ ሳይሆን አይቀርም አለ። ጥፍሩን ከዚያ በፊት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ፉሳሪየም ብቻውን አይደለም። አስፐርጊለስ የካኑላና የፕላስተር ቦታ ላይ ይበቅላል፣ ካንዲዳ በደም ተሰራጭቶ ቆዳ ላይ ቀያይ እብጠቶች ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ይሰጣቸው ካላቸው 19 ፈንገሶች መካከል ሦስቱም አሉ።

ለልጁ የታዘዘለት መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከቬኔዝዌላ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ የተሠራ፣ ኩላሊት የሚጎዳ፣ ግን የሚያድን። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በስብ የተሸፈነው ዓይነት መተማና ሁመራ ላይ ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ ያክማል። ለካንሰር ክፍሎችም እንዲሁ በእጅ ሊገኝ ይገባል ባይ ነኝ፤ ይህ የፈንገስ በሽታ የውጭ አገር ግዢ እስኪፈጸም አይጠብቅም።

ልጁ ግን በመድኃኒቱ ብቻ አልዳነም። ነጭ ሴሎቹ መመለስ የጀመሩ ሰሞን ቁስሉ ቀላ፣ አበጠ። እናቱ ደነገጡ። ሐኪሙ ደስ አለው።

ቤታችሁ ኬሞ የጀመረ ሰው ካለ ዛሬ ማታ እግሩን አጥባችሁ በጣቶቹ መሐል እዩ፣ ጥፍሮቹንም። የቀላም የጠቆረም አዲስ ነገር ካገኛችሁ ቅባቱን ተዉት። ትኩሳት ባይኖረው እንኳ በዚያው ቀን ሐኪሙ ይየው።