እስስቷ ለምን ጠቆረች?

መስከረም ጠብቶ ግቢው ሲደርቅ፣ ልጆች እስስት ይዘው ወደ ቤት የሚገቡበት ወቅትም አብሮ ይመጣል። በቡራዩም ይሁን በሰበታ ወይም በሱሉልታ፣ አጥሩ ኮሽም ወይም ጽድ በሆነበት ግቢ ታሪኩ ብዙም አይለያይም። ጠዋት ቅጠል መካከል የተገኘችው አረንጓዴ እስስት የጫማ ካርቶን ውስጥ ትገባለች። ክዳኑ ይበሳላታል፤ ሰላጣ ይጎዘጎዝላታል፤ በቡና ስኒ ውኃ ይቀርብላታል። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ጥቁር ሆናለች። ልጁ «ይቺ ሌላ ናት!» ይላል። አባት «ካርቶኑን መስላ ነው» ይላል። አያት ደግሞ «መርዟን ልትተፋ ነው፤ አውጡልኝ ከቤቴ!» ይላሉ። ከሦስቱ ለእውነቱ የሚቀርቡት አያት ናቸው። መርዝ እንኳ የላትም፤ ደስ እንዳላላት ግን በትክክል አይተዋል።

እስስት ያረፈችበትን ነገር ቀለም ትቀዳለች የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመታት በፊት ይህንኑ ጽፏል፤ አየር ብቻ እየበላች ትኖራለች ብሎም ጨምሮበታል። እኛ ደግሞ አቋሙን የሚለዋውጠውን ሰው ሁሉ «እስስት» ብለን በመስደብ አጸናነው። ስድቡ ለእስስቷ አይገባትም። ቅጠል መካከል አረንጓዴ ሆና መሰወሯ እውነት ነው፤ ዋናውን የቀለም ለውጥ የሚያዝዘው ግን ሙቀት፣ ብርሃን፣ ፍርሃት፣ ፀብና መራባት ነው። ቀይ ምንጣፍ ላይ ብታስቀምጧት ቀይ አትሆንም። የምትናገረው ስለ ራሷ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ አጥሮች ላይ የምትገኘው ትንሿ ደገኛ እስስት የአገራችን ናት። ከነጅራቷ ከእርሳስ ብዙም አትበልጥም፤ ቀንድም የላትም። ለሳይንስ ያስተዋወቃት በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሟን ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። እንደ መናገሻ ሱባ ያለው የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ጫካ ዱሮ ከዛሬው እጅግ ሰፊ ነበር። ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው ዙሪያ ቤትና መንገድ ሲበዛ፣ ለዚህች እስስት ከተረፉላት ማረፊያዎች አንዱ የእናንተ አጥር ነው። እንግዳዋ እሷ አይደለችም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካሯን ፓንተር እስስት ቆዳ መርምረው ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ብዙዎችን አስደንቋል። በቆዳዋ ውስጥ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እስስቷ ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረቡና ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ከላይ ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደመር እኛ አረንጓዴ እናያለን። ስትበሳጭ ወይም ስትነሳሳ ይራራቃሉ፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካናማና ወደ ቀይ ይሄዳል። ይህን ድንቅ ለውጥ የሚያደርገው ንብርብር ሙሉ ሆኖ የተገኘው ግን በአዋቂ ወንዶች ላይ ብቻ ነው። መጥቆር በሌላ መንገድ ይመጣል። ለእኛም ቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን፣ ተሰብስቦ ከተቀመጠበት ወደ ቆዳዋ ላይኛው ክፍል ሲሰራጭ መልኳ ሁሉ ይጠቁራል። በአማርኛ ሰው ሲከፋው «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን፤ በእስስት ላይ አነጋገሩ ቃል በቃል ይሠራል።

ታዲያ የጠቆረች ሁሉ ተጨንቃለች ማለት አይደለም። በሱሉልታ የጥቅምት ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ እስስትም እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛ ነው የምትነጋው። ያን ጊዜ የምትጠቁረው ፀሐይ ለመሳብ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ለምን ቶሎ እንደሚሞቀው አስቡ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ወደ ፀሐይ የዞረው ጎኗ ብቻ ይጠቁርና ሌላው ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። ከሞቃት በኋላ ወደ አረንጓዴዋ ትመለሳለች። አሳሳቢው በሞቀ ቦታ ሆና፣ ሰዓታት አልፈው፣ ሁለቱም ጎኖቿ ጥቁር እንደሆኑ ሲቆዩ ነው። አፏን ከፍታ እስ የምትል፣ ሰውነቷን የምታሳብጥ፣ ቀን ዓይኗን የምትጨፍን ከሆነ ጨርሶ አታጠራጥርም።

በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ለወላጅ የሚጠቅም ፍንጭ ይሰጣል። የየመን እስስት ወንዶች ሲጣሉ የተሸነፈው ይጠቁራል። ትርጉሙ «እጅ ሰጥቻለሁ፣ ተወኝ» ማለት ነው፤ አሸናፊውም ይበርድለታል። ካርቶን ውስጥ ያለችውን እስስት ከላይ የሚያይ የልጅ ፊት ለእሷ ከማንኛውም ተቀናቃኝ ይገዝፋል። በዱር ከበላይዋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወፍ ነው፤ ያውም ሊበላት። ስለዚህ እጅ ትሰጣለች፤ ልጁ ግን ጨዋታው እንደተጀመረ ያስባል፣ ደጋግሞም ያነሳታል።

ይህ ለሁሉም እስስት ነው። ለሴቷ ግን ሌላ ምዕራፍ አለ፤ ቤት ውስጥ ለማቆየት የሚያስብ ሰው በጣም ሊጠነቀቅ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

የሴቶቹ ቀለም በደንብ ከተመዘገበላቸው መካከል ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው የየመን እስስት ትገኛለች። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ በብዛት የምትረባውም እሷ ናት። ሴቷ በአዘቦት ቀን ቀለል ያለ አረንጓዴ ናት። ወንድ ለመቀበል ስትዘጋጅ በጎኗ ላይ የሰማይ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ወንድ ካገኘች በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ፣ መደቡ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ወደ ጥቁር ይለወጥና በላዩ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይደምቃል። የማዳጋስካሯም ፓንተር እንዲሁ ናት፤ ሮዛማ ወይም ብርቱካናማ የነበረችው ሴት እንቁላል ስትይዝ ጥቁር ለብሳ በብርቱካናማ ትዥጎረጎራለች። መልእክቱ ለወንዶች ነው፦ «አትቅረቡኝ፣ ይዣለሁ»። ላልገባው ወንድ አፏን ከፍታ ትወዛወዝበታለች፤ አልሰማ ካለም ትነክሰዋለች።

ለሰው ዓይን ይህ ቀለም ውብ ነው፤ ጥልፍ የተሠራበት ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች። ልጆች «አማረባት፣ ለምዳናለች» የሚሉት ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። እስስቷ ግን ከሁሉ ይልቅ መነካት የማትሻበት ሰዓት ላይ ናት።

ከዚያ የሚከተለው ነገር ነው ከባዱ። የየመን እስስት ሴት ወንድ ካገኘች ከሃያ እስከ ሠላሳ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሬት ወርዳ፣ ጥልቅ እርጥብ አፈር ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች። ቁጥሩ በአብዛኛው ከ20 እስከ 70 ይደርሳል። ዶሮ ያለ አውራ እንደምትጥል ሁሉ እሷም ወንድ አይታ ሳታውቅ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። የሚቆፈር አፈር ካላገኘች፣ ወይም ስትቆፍር የሚያያት ካለ፣ እንቁላሉን ትይዘዋለች። እንቁላል የያዘባት እስስት ደግሞ ትሞታለች። በቤት የሚረቡ ሴት እስስቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ከወንዶቹ ይልቅ ዕድሜያቸው የሚያጥረውም በአብዛኛው እንቁላል በመጣል ብዛት ነው። እንደ ኬንያዋ ባለ ሦስት ቀንድ እስስት ያሉ ጥቂቶች ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ፤ ለእነሱም ቢሆን ካርቶን የወሊድ ክፍል አይሆንም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች እስስት ሲያረቡ በቪዲዮ አይተን «እኛስ ለምን አንችልም?» የምንል አለን። እነሱ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ በእርባታ የተወለደች እስስት ነው። የሽቦ ቤት፣ የሙቀትና የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ቅጠል የሚያርስ ርጭት፣ ለሴቷም ጥልቅ የአፈር ሣጥን ይሰናዳላታል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የራሷን ምስል አይታ ሌላ እስስት መጣብኝ ብላ ትጨነቃለች። ውኃም ቢሆን የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈ ጠል ወይም ጠብታ እየላሰች እንጂ ከስኒ አይደለም። በስኒ ውኃ አጠገብ በጥም የምትደርቅ እንስሳ መኖሯን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ከሰረጉ ተጠምታለች። ሰላጣውም ለእሷ ምግብ አይደለም፤ የእኛዋ ዝንብና ፌንጣ አዳኝ ናት።

ሕጉንም ማስታወስ ደግ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነትም የአገራችንን እስስቶች በቁጥጥር መዝገቡ አስፍሯል። ካርቶን የያዘን ሕፃን ፖሊስ ያስረዋል ማለቴ አይደለም። ልጁ «ልሽጣት» ወይም «ለውጭ ዘመድ እንላክለት» ሲል ግን መልሱ ከወዲሁ ይታወቅ።

ስለዚህ ካርቶኑ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ መልሷት። ማታ አይሁን፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ልጁ ራሱ ይውሰዳት፤ የተገኘችበትን ቁጥቋጦ ከሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው። ከላይ በጣት አይጨብጣት፤ ቅርንጫፍ ከፊቷ ያስጠጋላትና ራሷ ትውጣ። አራቱም እግሮቿ ቅርንጫፉን ሲጨብጡ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ርቃችሁ ቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ከታገሣችሁ ጥቁሩ ሲገፈፍ ታዩ ይሆናል። ያን ያየ ልጅ እንደገና ካርቶን ይፈልጋል ብዬ አላስብም።

እሷን ማየት ለሚወድ ቤተሰብ ደግሞ ማታ ይሻላል። እስስት ስትተኛ ቀለሟ ይገረጣል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በእጅ ባትሪ አጥሩን ቀስ ብላችሁ ብታበሩበት፣ ቀን ስታልፉባት የማትታየው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጅራቷን ጠቅልላ እንደ ፈዛዛ ቅጠል ትታያለች። መብራቱን አታቆዩባት። ልጆቹ ቦታውን በደብተር ይመዝግቡ፤ ጠዋት ጠቁራ ፀሐይ ስትሞቅ፣ እኩለ ቀን አረንጓዴ ሆና ያገኟታል። አትክልተኛው አጥሩን ከመከርከሙ ወይም መድኃኒት ከመርጨቱ በፊትም ደብተሩን ያሳዩት።