ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ አልተበላሸም

በዚህ ዓመት የራዲዮ ክበባችን አንድ አሮጌ የአጭር ሞገድ መቀበያ ባገኘ ጊዜ ደስታችን ታላቅ ነበረ። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ28 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ቁልፉን ብናዞር ብናዞር ከሹክሹክታ በቀር የሰው ድምፅ አጣን። «ይህ መሣሪያ ሞቷል፤ ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ አዲስ ይገዛልን» ብዬ አስቀድሜ የፈረድሁት እኔ ነበርሁ። አሁን የምከራከረው ከዚያው ከራሴ ፍርድ ጋራ ነው።

መሣሪያው ደኅና ሆኖም ዝም ሊል ይችላል። ወይ መንገዱ ተዘግቷል፥ ወይም መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚናገር ሰው የለም። ከበላያችን ያለው፥ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የምትሞላው አዮኖስፌር የሚባል አየር ሞገዱን ወደ ምድር ሲመልሰው ሩቅ አገር ይሰማል፤ ሳይመልሰው ሲቀር ሞገዱ ወደ ሕዋ ያመልጣል። ይህም እንደ ሰዓቱ፥ እንደ ወራቱና 11 ዓመት ያህል እንደሚፈጀው የፀሐይ ዑደት ይለዋወጣል።

አማተሮች ይህን ለመለየት መላ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያ በአንድ ጣቢያ የተጀመረው ሥራ ሰፍቶ፥ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለ18 ምልክት ሰጪ ጣቢያዎች ተራ የተመደበበት ሆኗል። ስማቸው ቢኮን ነው። በ14.100፥ በ18.110፥ በ21.150፥ በ24.930 እና በ28.200 ሜጋ ኸርዝ ይልካሉ። በእያንዳንዱ ላይ ለአንዱ ጣቢያ 10 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ በ3 ደቂቃ ዙሩ ይፈጸማል። ጣቢያው ስሙን በሞርስ ከጠራ በኋላ አራት ረዘም ያሉ ፉጨቶች ያሰማል፤ አንደኛው በ100 ዋት፥ ቀጥሎ በ10፥ በ1፥ በመጨረሻም በዋት አንድ ዐሥረኛ። (ተራ የቤት ራዲዮ ይህን ፉጨት አያወጣም፤ ሞርስ ማሰሚያ ያለው መሆን አለበት።)

የፊዚክስ መምህራችን በሚቀጥለው ቅዳሜ 21.150 ላይ አቁመው «ሰዓታችሁን ተመልከቱ» አሉን። ልክ 9 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ሲሆን የደቡብ አፍሪካው የፕሪቶሪያ ጣቢያ ተሰማ! ሞርሱ ፈጣን ስለ ሆነ ፊደሉን አልያዝነውም፤ ነገር ግን ተራው በሰዓት የተወሰነ ነውና ማንነቱ አልጠፋንም። የ100 እና የ10 ዋቱን ሰማን፤ የ1 ዋቱ በሹክሹክታው ውስጥ ሰጠመ። ሞቷል ያልሁት መሣሪያ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ስፍራ 10 ዋት፥ ማለት ከአንዲት አነስተኛ አምፖል የማይበልጥ ኃይል፥ ለቅሞ አመጣ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ትንበያው በስልክ ይታይ የለም ወይ?» ይሉኛል። ይታያል፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን ትንበያ ሊሆን የሚችለውን ይነግረናል እንጂ፥ በዚህች ደቂቃ በእኛ ሽቦ ላይ የደረሰውን አይነግረንም። ሌሎች ደግሞ ማስተላለፊያ ካልተገዛ ክበቡ ክበብ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን መስማት ሳንችል ለመናገር መቸኮላችን አይገባኝም። የተዋጣው ገንዘብ በጣራው ላይ ለሚዘረጋ ረዘም ያለ ሽቦ ይዋል፤ ከእርሱም ጋራ አንድ ትክክለኛ ሰዓትና አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃናል።

ደብተሩን እኔ ጀምሬዋለሁ። በመጀመሪያው መሥመር «ፕሪቶሪያ ተሰማ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ተራ ኬንያ አልተሰማም» ይላል። ጎረቤት ጠፍቶ ሩቁ መሰማቱ መጀመሪያ አስቆን ነበር። ሞገዱ ቅርቡን ዘሎ ሩቅ ስለሚያርፍ ይሆናል፤ ጣቢያውም ለጥገና ዘግቶ ይሆናል። ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ መጥቶ አብሮኝ የሚያዳምጥ ቢኖር ወንበር አለ።