ከዓሣው በፊት ብሬከሩ ይገዛ

የአዲስ አበባ ሌሊት ለሞቃት አገር ዓሣ አይመችም። ቀለማቸው ዓይን የሚስበው ጉፒ፣ ኒዮን ቴትራና ኤንጀልፊሽ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ይፈልጋሉ፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ከተማ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድ የሚገርመው የለም። ስለዚህ አኳሪየም የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ማሞቂያ ይገዛል። ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የተጠመጠመ፣ 220 ቮልት የሚሄድበት ሽቦ ነው። ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ውኃ ውስጥ ያድራል። ሽቦውን ከውኃው የሚለየው ያ ቀጭን መስታወትና ጫፉ የተደፈነበት ጎማ ብቻ ነው።

የሻወር ማሞቂያ የሚያስገጥም ሰው ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። አኳሪየም የሚያስገባ ግን እንግዳ ነው የሚጠራው። ማሞቂያ፣ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕና መብራት በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ይሰካሉ፤ ኤክስቴንሽኑም ዓይን እንዳይገባ ተብሎ ከገንዳው ሥር ይወሸቃል፤ ውኃ ቢፈስ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያው ነው። አኳሪየም ከጌጥ ተርታ ስለሚቆጠር እንደ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያየው የለም። ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

“ብሬከር አለን እኮ” የሚል መልስ በየቤቱ ይሰማል። ተራው ብሬከር ግን የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው፤ የሰው ነገር አይመለከተውም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16,000 ሚሊአምፔር በታች ለሚያልፍ ኤሌክትሪክ ዝም ይላል። የሰው ልብ ደግሞ 100 ሚሊአምፔር እንኳ ሳይሞላ ምቱን ሊስት ይችላል። የደረቀ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም የሚደርስ መከላከያ አለው፤ በውኃ ሲርስ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1,000 ማካፈል ነው፤ 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሰውየው መሬት ላይ ሲወድቅ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆያል።

ይህን ክፍተት ሲያጠና የኖረው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ነው። ፈቃደኞች ሽቦ ጨብጠው በስንት ሚሊአምፔር እጃቸው ተኮማትሮ መልቀቅ እንደሚያቅታቸው ለካ፤ በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሆኖ አገኘው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1961 በፌዙ የሄደው ኤሌክትሪክና በኒውትራሉ የተመለሰው እኩል መሆኑን እያነጻጸረ፣ ልዩነት ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። የጎደለው ኤሌክትሪክ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ አልፎ፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነዋ። የአሜሪካው ቅጂ በ5 ሚሊአምፔር አካባቢ ይቆርጣል። በአውሮፓ ለቤት የሚገጠመው 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ፣ 0.3 ሰከንድ ሳይሞላ እንዲቆርጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ትልቁ ጥቅሙ ለመሥራት የኧርዝ ሽቦ አለመፈለጉ ነው፤ ኧርዝ በሌላቸው አሮጌ ቤቶች ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

“ዓሦቹ ደኅና ናቸው፤ ውኃው ኤሌክትሪክ ቢኖረው ይሞቱ ነበር” የሚለው ክርክርም አያስኬድም። የመንገድ ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ የማትነዘረው ሌላ እግሯ መሬት ስለማይነካ ነው፤ ዓሣውም እንደዚያው ነው። ወለል ላይ ቆሞ እጁን የሚያስገባው ሰው ግን ለኤሌክትሪኩ ወደ መሬት መውረጃ ይሆንለታል።

በተቃራኒው ያለ ምክንያት የሚደነግጡም አሉ። በዲጂታል መለኪያ ውኃውን ሲለኩ 30 ወይም 40 ቮልት ያዩና ገንዳውን ባዶ ሊያደርጉ ይነሣሉ። ፓምፑና መብራቱ ሳይነኩት እንኳ በአጠገባቸው ያለ ውኃ ላይ ቮልት ያሳርፋሉ፤ መለኪያው ደግሞ ከውኃው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት በመሆኑ ይህን ሁሉ ያነባል። ከጀርባው ሰው የሚጎዳ ኃይል ላይኖር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ በየትኛው እንደሚወድቅ ማየት ነው። አንዱን ሲነቅሉ ከመቶ በላይ የነበረው ወደ ጥቂት ቮልት ከወረደ ያንን ዕቃ መጣል ነው። በፕላስተር የሚታሸግ ማሞቂያ የለም።

በውጭ አገር አርቢዎች መካከል ብዙ የሚያከራክረው ውኃውን ከኧርዝ ጋር የሚያገናኘው የቲታኒየም ዘንግ ነው። ቲታኒየም የሆነው መዳብ ዓሣ ስለሚመርዝ፣ ብረትም ስለሚዝግ ነው። ማሞቂያ ውስጥ ለውስጥ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ከፌዝ በውኃው አልፎ ወደ ኒውትራል ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የዳልዚል መሣሪያ ልዩነት ስለማያይ አይቆርጥም። የሚቆርጠው እጅ ሲገባ ነው፤ ሰውየው ይነዘራል፣ ግን ይለቀቃል። ዘንጉ ካለ እጅ ከመግባቱ በፊት ይቆርጣል። ያለ መሣሪያው የሚገባ ዘንግ ግን ከነጭራሹ ባይገባ ይሻላል፤ የውኃው መብራት ተበላሽቶ አንድ እጅ መብራቱን፣ ሌላው እጅ ኧርዝ የሆነውን ውኃ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በደረት አልፎ ይሄዳል። ኧርዝ በሌለው ቤት ደግሞ ዘንጉ ለይምሰል ብቻ ነው።

የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው፤ መብራት ይሄዳል። ወለል ላይ የተቀመጠ የአየር ፓምፕ ሲቆም የገንዳው ውኃ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ መብራት ሲመጣ ውኃ የጠጣ ፓምፕ ይነሣል። መፍትሔው አየሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ርካሽ ቫልቭ ቱቦው ላይ ማስገባት፣ ወይም ፓምፑን ከውኃው ወለል በላይ መስቀል ነው። ሽቦዎቹም ወደ ሶኬት ከመግባታቸው በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብለው መታጠፍ አለባቸው፤ በሽቦው የሚወርድ ጠብታ ከታች እንዲንጠባጠብ።

ማሞቂያ ደግሞ ከፋብሪካውም ተበላሽቶ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩናይትድ ፔት ግሩፕ የተባለው ድርጅት በአሜሪካ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ማሞቂያዎችን ከገበያ ሰብስቧል፤ የሽቦ አሠራር ጉድለት ነበረባቸው፣ ከመጠን በላይ እየጋሉ ይሰበሩ ነበር። የተሻለ ማሞቂያ እንኳ ጋለ እያለ ከውኃ ወጥቶ መልሶ ቢገባ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ውኃ ሲቀየር መጀመሪያ ነቅሎ ሩብ ሰዓት ያህል ማብረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ውኃውን የሚቀይረው ግን ማነው? ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ ወይም የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የሚገባው እጅ የእርሷ ነው፣ ስለ ማሞቂያው የነገራት ግን የለም። “ሶኬቱን ሳትነቅዪ እጅሽን እንዳታስገቢ” የምትለው ዓረፍተ ነገር ገንዘብ አታስወጣም። ሁሉም ዕቃ የተሰካበት ኤክስቴንሽን በዓይን ቁመት ቢሰቀልና ማጥፊያ ቢኖረው ደግሞ ትእዛዙን መፈጸም አይከብዳትም።

ሻጮች ገንዳውን ከ30 ሚሊአምፔሩ ቆራጭ ጋር አብረው ቢሸጡ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ይህን ወጪ የማይፈልግ ደንበኛ ጎልድፊሽ ይውሰድ፤ ያለ ማሞቂያ በአዲስ አበባ ብርድ ይኖራል፣ ምንም እንኳ ሲያድግ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ውኃ ቢፈልግም። መብራቱና ፓምፑ በ12 ቮልት የሚሠሩ ሆነው ትራንስፎርመራቸው ከውኃው ርቆ ከተሰቀለ ለሥጋት የሚቀረው ጥቂት ነው። ቆራጩን የገዛ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫናት፤ ተጭኖ ካልወደቀ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛ።